ወላጅ ያለው ልጅ ወላጅ አልባ አይባልም

ውድ ተማሪዎቻችን፣ የተከበራችሁ ወላጆች፤

 በዛሬው ጽሑፌ ላነሣው የፈለግሁት ጉዳይ በየቤታችን በሹክሹክታ የምንነጋገርበት፣ በአደባባይ ግን እምብዛም የማናነሣው ነው። ጉዳዩም ከባሕር ማዶ መጥተው በክርስቶስ ስም ሕፃናትን የሚረዱ ድርጅቶችን፣ በተለይም ድርጅቶቹን የሚመሩትን ሰዎች ይመለከታል። እነዚህ ሰዎች ሲመጡ እንዴት እንቀበላቸው? ምን ያህል እንመናቸው? ምንስ እንጠይቃቸው? በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድነት ሊያስብባቸው ይገባል እላለሁ። ልጅ የሁላችንም ነውና።

እንደሚታወቀው ራሽን በተቀነሰ ቁጥር «ልጄን ወስዶ የሚያስተምርልኝ ባገኝ» የሚለው ቃል ይበዛል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በምሥራቅ አፍሪካ ካምፖች ራሽን ደጋግሞ መቀነሱን ሁላችንም በጓዳችን እናውቀዋለን። በዚህ መሐል «የምንረዳው ወላጅ አልባ ልጆችን ብቻ ነው» የሚል ድርጅት መጣ ሲባል፣ አንዳንድ ወላጅ በሕይወት እያለ ልጁን «እናትም አባትም የለውም» ብሎ ለማስመዝገብ ይፈተናል። ጎረቤት «አሳዳጊው እኔ ነኝ» ብሎ ይቀርባል። ልጁም «አባቴ ሞቷል» ማለትን እንደ ቤት ሥራ ያጠናል።

አቋሜ ከወዲሁ ግልጽ ይሁን። ከውጭ የሚመጣውን እርዳታ አልቃወምም። ረጂዎቹን ሁሉ በጥርጣሬ ዓይን እንያቸውም አልልም። የምቃወመው ዳቦ ለማግኘት ብለን የልጁን አባትና እናት በወረቀት ላይ መግደላችንን ነው። ለምን እንደምቃወመውም ከታሪክ በተገኙ ምሳሌዎች ላስረዳ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለሚገባው ምስጋና

በመጀመሪያ ምስጋና ለሚገባው ምስጋና እንስጥ። ጆርጅ ሙለር የጀርመን ተወላጅ ሲሆን በ1829 ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግሮ በ1836 በብሪስቶል ከተማ ለወላጅ አልባ ልጆች ቤት ከፈተ። በሕይወት ዘመኑ ከ10,000 በላይ ልጆች በቤቶቹ አድገዋል። ስለዚህ ሰው ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚወሳው ጸሎቱ ነው። እኔ ግን ሁለት ነገሮችን ላንሣለት። አንደኛ፣ ለተቀበለው ስጦታ ደረሰኝ ይሰጥና ሒሳቡን በየዓመቱ አሳትሞ ለሕዝብ ያቀርብ ነበር። ሁለተኛ፣ ቤቱን ሲያቋቁም የሚቀበለው አባትም እናትም የሞቱበትን ልጅ እንዲሆን ደንብ አውጥቶ ነበር። ወላጅ ያለውን ልጅ ከወላጁ ለመለየት አልተነሣም።

ወደ እኛ ዘመን ስንመጣም በስደተኞች መካከል ለብዙ ዓመታት የሠሩ የክርስቲያን ድርጅቶች አሉ። የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ካኩማ ካምፕ በ1992 ከተከፈተ ጀምሮ በትምህርት ሥራ ላይ ተሠማርቶ ቆይቷል። የየሱሳውያን የስደተኞች አገልግሎት በ1980 የተቋቋመ ሲሆን ዋነኛ ሥራው ትምህርት ነው። ኮምፓሽን የተባለው ድርጅት ደግሞ አንድ አሜሪካዊ ሰባኪ በ1952፣ በኮሪያ ጦርነት ጊዜ፣ ሜዳ ላይ የቀሩ ልጆችን አይቶ የጀመረው ነው። አሠራሩም በውጭ አገር ያለ አንድ ሰው በየወሩ ገንዘብ ይከፍላል፤ ገንዘቡ በአካባቢው ቤተ ክርስቲያን በኩል ለልጁ ትምህርትና ጤና ይውላል፤ ልጁና ረጂው ደብዳቤ ይጻጻፋሉ። በ2013 የታተመ የኢኮኖሚክስ ባለሙያዎች ጥናት፣ ኬንያንና ኡጋንዳን ጨምሮ በስድስት አገሮች በዚህ ድርጅት የተረዱ ልጆች አድገው ሲታዩ፣ ካልተረዱት ይልቅ በአማካይ ከአንድ ዓመት በላይ ተጨማሪ ትምህርት እንደተማሩ አረጋግጧል። ልብ በሉ! እነዚህ ልጆች ይህን ጥቅም ያገኙት ከቤታቸው ሳይወጡ፣ ከእናታቸው ጋር እያደሩ ነው።

ሌላም ልጨምር። መርዳት የነጭ፣ መረዳት የጥቁር ዕጣ አይደለም። በኮሪያ ጦርነት የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች በዶንግዱቾን ከተማ ቦህዋ የተባለ የወላጅ አልባ ልጆች ማሳደጊያ ይደግፉ ነበር። ኢትዮጵያውያን በሰው አገር የሰው ልጅ ሰብስበው አብልተዋል። ስለዚህ ዛሬ ተረጂ የሆነ ሰው አንገቱን ሊደፋ አይገባውም። አንገቱን ያልደፋ ሰው ደግሞ መጠየቅ ይችላል።

መልካም ልብ ብቻውን አይበቃም

አሁን ወደ ሌላው ገጽ እንለፍ። ዶክተር ባርናርዶ በለንደን ከተማ በ1870 በመንገድ ላይ ለሚያድሩ ወንዶች ልጆች መጠለያ የከፈተ ዝነኛ ወንጌላዊ ነው። ብዙ ልጆችን ከረሃብና ከብርድ አድኗል። ይሁን እንጂ ገንዘብ ለማሰባሰብ ሲል የልጆችን ፎቶግራፍ «ከመምጣታቸው በፊት» እና «ከመጡ በኋላ» እያለ ያሳትም ነበር። በፎቶግራፎቹ ላይ ልጆቹ ከነበሩበት ሁኔታ የባሰ ጎስቋላ መስለው እንዲታዩ መደረጉ ክርክር አስነሣ። በ1877 ጉዳዩን የመረመሩት ዳኞች ከብዙዎቹ ክሶች ነፃ ቢያደርጉትም የፎቶግራፉን አሠራር ግን ነቀፉ። ልጅን ለመርዳት ተብሎ የልጁ እውነት ሊጣመም እንደማይገባ ያን ጊዜም ተነግሯል ማለት ነው።

ነገሩ በፎቶግራፍ አልቆመም። ከ1869 ጀምሮ የባርናርዶን ድርጅት ጨምሮ ልዩ ልዩ የእንግሊዝ በጎ አድራጊዎች ወደ 100,000 የሚጠጉ ልጆችን በመርከብ ጭነው ወደ ካናዳ ልከዋል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም ወደ አውስትራሊያ የተላኩ ነበሩ። ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት ያላቸው ልጆች ነበሩ። አንዳንዶቹ ግን «እናትህ ሞታለች» እየተባሉ አደጉ። ሸምግለው ፋይላቸውን ሲያገላብጡ እናታቸው በሕይወት እንደነበረች የተረዱም አሉ። የአውስትራሊያ ጠቅላይ ሚኒስትር በ2009፣ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ደግሞ በ2010 በአደባባይ ይቅርታ ጠየቁ። ይቅርታው ጥሩ ነው፤ የሞተችን እናት ግን አያስነሣም።

በዚያው በ2010 በሄይቲ የደረሰውንም ላስታውሳችሁ። ጥር ወር ላይ ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ አገሪቱን አፈረሰ። ከአደጋው በኋላ ከአሜሪካ የመጡ 10 የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን አባላት 33 ልጆችን በአውቶቡስ ጭነው ወደ ጎረቤት አገር ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ሊሻገሩ ሲሉ ድንበር ላይ ተያዙ። የወላጅ አልባ ልጆች ማሳደጊያ ለመክፈት አስበው ነበር። ነገር ግን ሲጣራ ከልጆቹ አብዛኞቹ ወላጅ ያላቸው ሆነው ተገኙ። ወላጆቹም ልጆቻቸውን በእጃቸው ያስረከቡት ትምህርትና የተሻለ ኑሮ እንደሚያገኙ፣ እነርሱም ሄደው ሊጠይቋቸው እንደሚችሉ ተነግሯቸው እንደነበር አስረዱ። የቡድኑ መሪ ሕጋዊ ያልሆነ ጉዞ በማዘጋጀት ጥፋተኛ ተብላ ተፈረደባት። እነዚህ ሰዎች ልጅ ሊሸጡ የመጡ ነጋዴዎች ነበሩ ብዬ አልናገርም። የሚያሳዝነው ግን እነርሱ ተቸግሮ እጁን የዘረጋውን አባት «ልጁን የማይፈልግ» አድርገው ማየታቸው ነው። አባት ግን ልጁን የሰጠው ስላልፈለገው አልነበረም። እንዲበላለት ብሎ ነው።

ቃል ለቃል የማይገናኝበት ቦታ

ይህ ዓይነቱ አለመግባባት በእኛም አገር ብዙ እንባ አፍስሷል። በእኛ ባህል ጉዲፈቻ ሲባል ልጅ ሁለት ቤት ያገኛል እንጂ የተወለደበትን ቤት አያጣም። ለአክስት ቤት የተሰጠ ልጅ በበዓል ይመጣል፤ እናቱን «እማዬ» ማለት አይከለከልም። በምዕራባውያን ሕግ ግን ጉዲፈቻ በአብዛኛው ከወለዱት ጋር ያለውን ሕጋዊ ዝምድና ይቆርጣል። ስሙ ይቀየራል፣ ዜግነቱ ይቀየራል፣ በሕግ ፊት እናቱ ሌላ ናት። በ2010 ወደ አሜሪካ ብቻ ከ2,000 በላይ የኢትዮጵያ ልጆች በጉዲፈቻ ሄደዋል። ከወላጆቻቸው መካከል «ተምሮ ይመለስልኛል» ብለው የፈረሙ ነበሩ። የኢትዮጵያ ፓርላማ በ2018 የውጭ አገር ጉዲፈቻን በሕግ እስከ መከልከል የደረሰው እንዲህ ያለው ነገር ሲጠራቀም ነው። የሁለት አገር ሰዎች አንድ ወረቀት ላይ ፈረሙ፤ የፈረሙት ግን በሁለት የተለያዩ ሐሳቦች ላይ ነበር።

ከስም የሚጀምር እርዳታ

መልካም ምሳሌም አለን፤ እሱም ከኛው አካባቢ ልጆች ታሪክ የተገኘ ነው። በ1888 የእንግሊዝ የጦር መርከብ በቀይ ባሕር ላይ በጀልባ ተጭነው ለባርነት ሲወሰዱ የነበሩ ከ200 በላይ የኦሮሞ ልጆችን አስጥሎ ወደ ኤደን አደረሰ። ብዙዎቹን የስኮትላንድ ሚስዮናውያን ሼክ ኦስማን በተባለ ስፍራ ተቀበሏቸው። የአየሩ ጠባይ አልስማማ ብሎ ልጆች ስለሞቱባቸው በ1890 ስልሳ አራቱን ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ ላቭዴል ወደሚባለው ትምህርት ቤት ወሰዷቸው።

እነዚያ ሚስዮናውያን እንደ ዘመናቸው ሰዎች ጉድለት ነበራቸው። አንድ ነገር ግን አደረጉ። ልጆቹን በቋንቋቸው በአስተርጓሚ አማካይነት አንድ በአንድ ጠየቋቸው። ስምህ ማን ነው? አባትህስ? እናትህስ? ወንድም እህት አለህ? አገርህ የት ነው? እንዴት ተያዝክ? እያሉ መልሱን በጽሑፍ አኖሩ። ዓመታት አልፈው በ1909 ከእነዚያ ልጆች 17ቱ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ። በደቡብ አፍሪካ ከቀሩት መካከል አንዷ ቢሾ ጃርሳ ነበረች። የልጅ ልጇ ኔቪል አሌክሳንደር ከኔልሰን ማንዴላ ጋር በሮቢን ደሴት የታሰረ፣ ኋላም በቋንቋና በትምህርት ምርምሩ የታወቀ ሰው ሆነ። የቢሾ ስምና የወላጆቿ ስም ተጽፎ ባይቀመጥ ኖሮ የልጅ ልጇ ዘሩን ከየት እንደሚቆጥር በምን ያውቅ ነበር?

እንግዲህ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። በደንብ የሚረዳ ድርጅት የልጁን ስም፣ የአባቱንና የእናቱን ስም፣ የአገሩን ስም ይጽፋል፣ ይጠብቃልም። በደንብ የማይረዳ ድርጅት ግን ልጁ ከየት እንደመጣ አይጠይቅም፤ ወይም «ማንም የለውም» የሚለውን ቃል ሲሰማ ደስ ይለዋል። ወላጅ ሆነን «ማንም የለውም» ብለን ስናስመዘግብ ግን ያንን መዝገብ የምንሰርዘው እኛው በእጃችን ነን።

«ረሃብ ሥነ ምግባር አያውቅም» ለሚሉ

አንዳንድ ወላጅ ይህን ሲያነብ «አስተማሪው ደብተርና ጠመኔ ይዞ ይናገራል፤ ማታ የሚያለቅሰው ግን የኔ ልጅ ነው» እንደሚል አውቃለሁ። እውነት አለው። የቸገረው ሰው የሚይዘውን አይመርጥም። ልጁ እንዲበላ ሲል የሚዋሸውን ወላጅ ኃጢአተኛ ብዬ ለመፍረድ ብዕሬን አላነሣሁም። የምለው ሌላ ነው፤ ውሸቱ ልጁን አይጠቅመውም ነው የምለው።

አንደኛ፣ በስደተኛ ፋይል ላይ የተጻፈ ቃል አይረሳም። ዛሬ «ወላጅ የለውም» የተባለ ልጅ ነገ የቤተሰቡ ኬዝ ለሦስተኛ አገር ሠፈራ ሲታይ «ይህ ልጅ የማን ነው?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ቃልና ቃል ሲጋጭ የልጁ ብቻ ሳይሆን የቤተሰቡ ሁሉ እምነት ይጎድላል። ልጁ ከሄደ በኋላ ቤተሰብ ለመገናኘት ሲጠየቅም በወረቀት ላይ የሌለ አባት ልጄን ልቀላቀል ብሎ ማመልከት ይከብደዋል።

ሁለተኛ፣ ውሸቱ የእውነተኛውን ወላጅ አልባ ልጅ ድርሻ ይወስዳል። በዚህ ካምፕ አባትም እናትም የቀበረ ልጅ አለ። እሱ ማንም ሳያስጠናው እውነቱን ይናገራል። በመዝገቡ ላይ ግን ሁላችንም «ወላጅ አልባ» ከሆንን የእሱ እውነት ከኛ ውሸት በምን ይለያል?

ሦስተኛ፣ ልጁ ራሱ ይጎዳል። አባቱ በር ላይ ተቀምጦ እያየው «ሞቷል» ብሎ የተናገረ ልጅ ምን ይማራል? ቃል ዋጋ እንደሌለው ይማራል። አባቱም በራሽን እንደሚለወጥ ይማራል።

ደግሞም ሕጉ ከእኛ ጋር መሆኑን እወቁ። የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተር በ1990 የጸደቀው በአዲስ አበባ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤም በ2009 ባጸደቀው መመሪያ ድህነት ብቻውን ልጅን ከቤተሰቡ ለመለየት ምክንያት ሊሆን እንደማይገባ አስፍሯል። ድህነት ካለ ቤተሰቡ ይረዳ ነው የሚለው። ስለዚህ «ልጄን ውሰዱልኝ» ከማለት «ልጄን እኔ ዘንድ ሆኖ እርዱልኝ» ማለት ልመና ብቻ አይደለም። መብትም ነው።

ምን እንጠይቅ?

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ጥርጣሬ ስድብ አይደለም፤ መልካም ሠራተኛ ሲጠየቅ አይቆጣም። ስለዚህ አንድ ድርጅት ልጃችሁን ሊረዳ ሲመጣ በትሕትና፣ ነገር ግን ሳትፈሩ የሚከተሉትን ጠይቁ፦

በካምፑ ውስጥ እንድትሠሩ ፈቃድ የሰጣችሁ ማን ነው? የዩኤንኤችሲአር የሕፃናት ጥበቃ ክፍል ያውቃችኋል?

ልጄ ቤቱ እያደረ ልትረዱት ትችላላችሁ? ካልሆነ ለምን?

የት ይኖራል? መቼ ሄጄ አየዋለሁ? መቼ ይመለሳል? ይህስ በጽሑፍ ይሰጠኛል?

የምፈርምበት ወረቀት በማነበው ቋንቋ ይተርጎምልኝ፤ አንድ ቅጂም በእጄ ይቅር።

የልጄን ፎቶግራፍ ለምን ትፈልጉታላችሁ? ማንስ ያየዋል? ተቀድዶ የሚለበስ ልብስ ሳይሆን የበዓል ልብሱን ለብሶ ቢነሣስ?

እርዳታው ከሃይማኖት ጋር የተያያዘ ነው ወይ? በ1994 በወጣውና ብዙ የክርስቲያን ድርጅቶችም በፈረሙበት የእርዳታ ሠራተኞች የሥነ ምግባር ደንብ መሠረት እርዳታ ሰውን ወደ አንድ እምነት ለመሳብ መሣሪያ መሆን የለበትም። ሙስሊሟ እናት ልጇ ደብተር እንዲያገኝ ስትል ስሙን እንድትለውጥ ልትጠየቅ አይገባም።

እነዚህን ሲጠየቅ ፊቱ የሚበራ ድርጅት ይመጣል። እሱን ተቀበሉ፣ አመስግኑም። «ጥያቄ ካበዛችሁ ለሌላ እሰጠዋለሁ» የሚል ካለ ግን ለሌላ ይስጥ።

ለእናንተ ለተማሪዎች

በመጨረሻ ለእናንተ ለተማሪዎች አንድ ቃል አለኝ። ከእናንተ መካከል ስፖንሰር ያላችሁ፣ ወደ ውጭ አገር ደብዳቤ የምትጽፉ አላችሁ። ስትጽፉ እውነቱን ጻፉ። እንዲያዝኑላችሁ ብላችሁ ያልሆነውን አትጨምሩ፤ እንዲደሰቱ ብላችሁም ችግራችሁን አትደብቁ። እናታችሁ እንጨት ለቅማ፣ ውሃ ተሰልፋ እንደምታሳድጋችሁ ጻፉ። አባታችሁ ማታ ማታ ተረት እንደሚያወራላችሁ ጻፉ። በሩቅ አገር ያለው ሰው የሚረዳው አንድ ብቸኛ ምስኪን ልጅ ሳይሆን ቤተሰብ ያለው፣ አገር ያለው፣ ስም ያለው ልጅ መሆኑን ይወቅ። ሰጪውም ከዚህ ይማራል።

ማንም «ወላጅ የለኝም በል» ቢላችሁ ደግሞ፣ የሚላችሁ የገዛ አባታችሁም ቢሆን፣ በአክብሮት «አባዬ፣ አንተ እያለህ እንዴት ብዬ?» በሉት። ይህ እልህ ወይም አለመታዘዝ አይደለም። አባትን ማክበር ማለት ይኸው ነው።

ወላጆች ሆይ፤ ስደት ብዙ ነገር ወስዶብናል። ቤታችንን፣ መሬታችንን፣ የሙታኖቻችንን መቃብር ትተን መጥተናል። የልጆቻችን አባትና እናት መሆናችንን ግን ማንም አልወሰደብንም። እሱን ወደን አንስጥ።

ቸር ያሰማን።